እሳቱ ጠፋ፤ ዜናውስ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሰደድ እሳት «በቁጥጥር ስር ዋለ» ሲባል ነገሩ አለቀ ማለት ነው? በዜና ክፍል ልማድ አዎ፣ አልቋል። እኔ ግን ዋናው ወሬ ያኔ ይጀምራል ባይ ነኝ።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል አገር ጉድ አለ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጡ። ጓሳውና አስታው ነደደ፣ እሳቱ ጠፋ፣ ካሜራውም ተጠቀለለ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ በዚያ ራቁት ተዳፋት ሲወርድ ግን ስንቱ ጋዜጠኛ ተመልሶ ሄደ? ውሃው እኮ ወደ ተከዜ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ነው የሚወርደው።

ነገርዬው እንዲህ ነው። ሣርና ቅጠል የዝናቡን ጠብታ ያበርዳል፣ ሥር አፈሩን ይይዛል። ሲቃጠል ሁለቱም ይጎዳሉ። ይባስ ብሎ እሳቱ ከበረታ ከዕፅዋቱ የሚወጣ ሰም መሰል ነገር አፈሩ ውስጥ ይረጋና ውሃ አላሰርግ ይላል፤ ቅባት የነካው ዕቃ ውሃ እንደማይዘው ማለት ነው። ዝናቡ መስረጉን ትቶ ይጋልባል። አመዱና ደቃቁ አፈር በዚያው ክረምት ሩቅ ይሄዳል። አሸዋና ጠጠሩ ግን ጅረት ውስጥ ይተኛና በከርሞው ጎርፍ ይነሳል፣ ደግሞ ይተኛል። የአንድ ሳምንት ቃጠሎ ለወንዙ የዓመታት ጣጣ ሊሆን ይችላል።

ወደ አገሬ ወደ ቡሬ ልውሰዳችሁ። በነቀምቴው መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ፣ በበጋ የጠቆረ ተዳፋት ማየት ብርቅ አይደለም። ገበሬው ክፋት አስቦ አይደለም፤ ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲያቆጠቁጥ፣ መዥገሩም እንዲቀንስ ብሎ ነው። ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። መጋቢት የነደደው መሬት በደንብ ሳይለብስ ዝናቡ ከተፍ ይላል። ፈጣም ደግሞ የሚገባው ዓባይ ነው።

እውነት ለመናገር ከእሳት ይልቅ የዓባይን ደለል የሚያበዛው የታረሰ ተዳፋትና ቦረቦር ነው፤ ሁሉን በእሳት ላላክክ አልፈልግም። ቢሆንም በአውሮፓውያን 1966 የተሠራውን የሱዳኑን ሮዛሪስ ግድብ እዩት፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሲሶ ያህል ይዞታውን ደለል በላው። አሁን ከእሱ በላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የራሳችን ሕዳሴ ግድብ አለ። ደለሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛው ጋ ነው።

እናም ጓዶች፣ የእሳት ዜና ስትሠሩ ሄክታሩን ቆጥራችሁ አትዝጉት። ከሥሩ የትኛው ጅረት እንደሚያልፍ ጠይቁ። ሐምሌ ላይ ተመለሱና ከታች ያለውን ገበሬ ማሳው ላይ ምን እንደተከመረበት አነጋግሩት። አዘጋጁ «ይሄማ ያረጀ ወሬ ነው» ካላችሁ፣ ከወንዙ አንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት።