የእንጀራ እናት ይግባኝ

ተረት ለሕፃን የመጀመሪያው ችሎት ነው። በዳይ ማን እንደሆነ፥ ተበዳይ ማን እንደሆነ፥ ቅጣትም ምን እንደሚመስል ሕፃኑ ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ የሚማረው ከተረት ነው። ስለዚህ የጥንት ተረት እንደገና የሚጽፍ ሰው የተፈረደ ነገር እንደሚያንቀሳቅስ ሊያውቅ ይገባዋል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ አንድ ዓይነት የልብ ወለድ መጽሐፍ እየበዛ ሄዷል። ይኸውም የሲንደሬላን፥ የስኖው ኋይትን፥ የሃንሰልና የግሬቴልን ተረት ወስዶ ለወጣቶች በጨለማ መልክ እንደገና የሚተርከው ነው። ደምና ሞት፥ ጥንቆላና ክሕደት አይጎድለውም። እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ ዛሬ በስልኩ ሳይቀር ሊያገኘው ይችላል። «ንጹሑን የልጆች ተረት አጨለሙት» የሚለውም ወቀሳ የታወቀ ነው።

እኔ ግን ወቀሳው ሥፍራውን የሳተ ይመስለኛል፤ ተረቱ ከመነሻውም ንጹሕ አልነበረምና። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ያኮብና ዊልሄልም ግሪም የተረት መጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያሳተሙት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1812 ዓ.ም. ነበር። በዚያ እትም ስኖው ኋይትን በመልኳ ቀንታ ልታስገድላት የሞከረችው የወለደቻት እናቷ ነበረች። በ1819 በወጣው ሁለተኛ እትም ግን እናቲቱ ልጅዋን እንደ ወለደች ሞተች ተባለና ወንጀሉ ወደ እንጀራ እናት ተላለፈ። የሃንሰልና የግሬቴል ነገርም እንዲሁ ነው። ዳቦ ሲያልቅ፥ ልጆቹን ጫካ ወስደን እንጣላቸው ብላ ባልዋን የመከረችው እናታቸው ነበረች፤ በ1840 እትም የእንጀራ እናት ተብላ ተጻፈች።

ምክንያቱስ ምን ነበር? በእትሞቹ ላይ ይበልጥ የደከመው ዊልሄልም ነው፤ መጽሐፉ በየቤቱ ለልጆች የሚነበብ እየሆነ ስለ ሄደ የእናትነትን ክብር ለመጠበቅ ሲል እንደ ለወጠው ሊቃውንት ይናገራሉ። ቅጣቱን ግን አላለዘበውም። በ1857 በወጣው የመጨረሻ እትም እንኳ ንግሥቲቱ በእሳት የጋለ የብረት ጫማ ተጫምታ እስክትሞት ድረስ ትጨፍራለች። ይህን ያስቀረው የዲስኒ ፊልም የመጣው በ1937 ነው።

እንግዲህ አስተውሉ፤ ደሙ እንዳለ ቀርቶ የተከሳሽዋ ስም ተለወጠ። እናት ነጻ ወጣች፤ የእንጀራ እናት ያላደረገችውን ተሸከመች። በዚያ ዘመን በወሊድ የሚሞቱ እናቶች ብዙ ነበሩና የሌላዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት በየመንደሩ ነበረች። ዛሬም አለች። ማታ ያንን ተረት የሰማ ልጅ ጧት ቍርሱን ከእጇ ሲቀበል ምን ያስብ ይሆን? ቋንቋችን ይህችን ሴት የሚጠራት በምታበላው እንጀራ ነው፤ የግሪም ተረት ግን የምትታወቀውን በመንፈግ አደረጋት። በእኛ አገር የሚነገረው የአንበሳው ጠጉር ተረት ለእርሷ ይመሰክራል፤ አልቀርብ ያላትን የእንጀራ ልጅ፥ አንበሳውን ሥጋ እየሰጠች ባላመደችበት ትዕግሥት ታገኘዋለችና።

ከአዲሶቹ ጨለማ መጻሕፍት መካከል የማደንቃቸው ይህን የቆየ ክስ እንደገና የሚከፍቱትን ነው። አሜሪካዊቷ ዶና ጆ ናፖሊ በ1993 ባሳተመችው «የአስማት ክበብ» የሃንሰልና የግሬቴል ጠንቋይ በገዛ አፏ ትናገራለች፤ ድውይ ፈዋሽ ሳለች አጋንንት እንዴት እንዳሳቷት እንሰማለን። በ1996 በወጣው «ዜል» ደግሞ ራፑንዜልን ግንብ ውስጥ የዘጋችባት ሴት በልጅ ናፍቆት የተቃጠለች እናት ሆና ትቀርባለች። ሜሊሳ ባሻርዱስት በ2017 «ከበረዶና ከመስተዋት የተሠሩ ልጃገረዶች» በተባለው መጽሐፏ የስኖው ኋይትን የእንጀራ እናት የመስተዋት ልብ ሰጠቻት፤ ልቡን የሠራላት፥ መውደድም መወደድም አትችይም ያላትም የገዛ አባቷ ነው። እነዚህ መጻሕፍት ጥፋትን ጥፋት ይሉታል፤ ግን ከየት እንደ መጣ ይጠይቃሉ።

በሌላ ወገን ጨለማውን እንደ ሚጥሚጣ የሚነሰንሱ አሉ። ሰይፉ ይረዝማል፥ ገጹ በደም ይርሳል፤ ክፉዋ ግን የጥንቷ ክፉ፥ ቆንጆዋም የጥንቷ ቆንጆ እንደሆነች ትቀራለች። እነዚህን የምነቅፋቸው ስለ ደማቸው አይደለም፤ የ1819ኙን ፍርድ ሳይመረምሩ ስለሚያጸኑት ነው።

«በዳይ ሁሉ አስቀድሞ ተበድሎ ነበር ከተባለ ማን ሊቀጣ ነው?» የሚል ይኖራል። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዳኛ ሁለቱን ወገን ቢሰማ ፍርዱ ይጠነክራል እንጂ አይጠፋም።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጅህ ሲገባ በጨለማው ውስጥ የማን ድምፅ እንደ ተሰማ መርምር። ነገ በጠረጴዛህ ፊት መዝገቡ አስቀድሞ ጥፋተኛ ያደረገው ባለጉዳይ ሲቆም፥ ስሙን በዚያ መዝገብ ላይ ማን እንደ ጻፈው ለመጠየቅ ይህ ልማድ ይጠቅምሃል።