የመንግሥት ሥራ ስልክ ግዥ ከዋጋ ባሻገር ሊመዘን ይገባል

ለሠራተኞች የሚገዙ ሞባይል ስልኮችና ተንቀሳቃሽ የዋይፋይ መሣሪያዎች የመንግሥት ገንዘብና መረጃ የሚያርፍባቸው በመሆኑ ዝቅተኛ ዋጋ ብቻውን በቂ መመዘኛ አይሆንም።

ብላክቤሪ ለዚህ አብነት ነው። በአንድ ወቅት የበርካታ አገሮች ባለሥልጣናት የሥራ ስልክ የነበረ ሲሆን፣ ኩባንያው ለነባር ሶፍትዌሮቹ የሚሰጠውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 በማቋረጡ በእነዚህ ሶፍትዌሮች የሚሠሩ ስልኮች ጥሪን እንኳ በአስተማማኝ ሁኔታ ማስተናገድ አልቻሉም። ስለሆነም አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ የሚሰጥበት ዘመን በጨረታ ሰነድ ላይ አስቀድሞ ሊሰፍር ይገባል።

ሁለተኛው መመዘኛ ኔትወርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ ተገኝቷል። ይሁንና ምርጫው መወሰን ያለበት ሠራተኛው በሚሰማራበት ወረዳ ባለው ሽፋን በመሆኑ፣ ሁለት ሲም ካርድ የሚቀበል ስልክ ለመስክ ሠራተኛ የተሻለ ነው። በቡድን ለሚንቀሳቀሱ ባለሙያዎች ደግሞ የአንዱን ስልክ ባትሪ ከማሟጠጥ ራሱን የቻለ የዋይፋይ መሣሪያ መመደቡ ይመረጣል።

ሦስተኛው የመረጃ ደህንነት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት በአሁኑ ወቅት የዜጎችን መረጃ የያዘ ስልክ ቢጠፋ ከርቀት መቆለፍና ማጽዳት የሚቻል መሆኑ ከግዥ በፊት መረጋገጥ አለበት።

ርካሽ ተብሎ የተገዛ መሣሪያ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚተካ ከሆነ ቁጠባው ኪሳራ መሆኑ አይቀርም።