ቺንጋ ወይስ ካቴና?

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ መኪና ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርድና የከፋን ደናማ አቀበት ይያያዘዋል። በዚህ አቀበት ላይ ሞተሩ በድንገት ጸጥ ቢል፣ ምክንያቱ ከዓይን የተሰወረ አንድ የጎማ ቀበቶ ሊሆን ይችላል።

እንደሚታወቀው፣ በባለአራት ምት ሞተር ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ የሚዞረው አንድ ጊዜ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲሽከረከር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፤ ይዘጋል። ይህን ቅንጅት የሚጠብቀው መካኒኮቻችን ቺንጋ የሚሉት ጥርሳም ቀበቶ ወይም ካቴና የሚሉት የብረት ሰንሰለት ነው። በብዙ ሞተሮች ቅንጅቱ ከተፋለሰ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል፤ ቫልቩ ይጣመማል፤ ቴስታታውም መውረዱ አይቀርም።

ቺንጋው እ.ኤ.አ. በ1962 ግላስ 1004 በተሰኘችው የጀርመን መኪና ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ተስፋፍቷል። ቀላል ነው፤ ድምፁ ዝቅተኛ ነው። በገጠር መንገዶቻችን የምናውቀው የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተርም በቺንጋ ይሠራል። ሆኖም ጎማ መኪናው ቆሞም ቢውል ያረጃል። ዘይት ሲነካው ይላሽቃል፤ ክዳኑ ከተሰበረ ደግሞ ጭቃና ውኃ ይገባበታል። ብዙውን ጊዜም ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል።

በአንዳንድ የያሪስና የኮሮላ ዓይነቶች ላይ የተገጠመው 1ኤንዜድ ሞተር ግን ባለካቴና ነው። ካቴናው በሞተር ዘይት እየራሰ ስለሚሠራ ረዥም ዕድሜ አለው። «ካቴና አይነካም» የሚለው አባባል ግን ስሕተት ነው። ዘይቱ ሲቆሽሽ መጋጠሚያዎቹ ይበላሉ፤ ካቴናው ይረዝማል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ መንኳኳት ይሰማል። ያ ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው።

በእኛ አስተያየት፣ ዝናብ ለማይለየውና ጭቃ ለሚበዛበት ለከፋ ካቴና የተሻለ ምርጫ ነው፤ ዘይቱን በጊዜው ለሚቀይር ባለቤት ብቻ። ባለቺንጋ መኪና የያዘ ደግሞ ፋብሪካው የወሰነውን ኪሎ ሜትርና ዓመት ይጠብቅ፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰውን ይከተል። አሮጌ መኪና የገዛ ሰውም የቀድሞውን ቅያሪ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ካላገኘ ቺንጋውን ወዲያውኑ ይቀይር። ጋራዦችም የቅያሪውን ቀንና ኪሎ ሜትር ጽፈው ሞተሩ አጠገብ ቢለጥፉ ወጪው የአንዲት ወረቀት ዋጋ ነው።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ለብዙ ዓመታት ሊያገለግሉን ይገባል። ስለሆነም ጥያቄው ቺንጋ ወይስ ካቴና የሚለው ብቻ አይደለም። መዝገብ የማይዝና ዘይት የማይቀይር ባለቤት ሁለቱንም ይበጥሳልና!