አይጧ ዳነች ማለት ሰው ዳነ ማለት ነውን?

ዛሬ ስለ አይጥ ልጽፍ ነው። በመኝታ ቤት ዳቦአችንን የምትቆረጥመውን አይጥ ማለቴ አይደለም፤ በቤተ ሙከራ ውስጥ ሆና ለሰው ልጅ የታሰበው መድኃኒት አስቀድሞ የሚሞከርባትን ነጭ አይጥ ማለቴ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ በመካከላችን ደጋግሞ የሚነሳ ክርክር ነው። አንድ ሰው «የካንሰር መድኃኒት በአይጥ ላይ ተሞክሮ ሠራ» የሚል ወሬ ይዞ ሲመጣ፣ ገሚሱ «እሰይ፣ በቃ ተገላገልን!» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ኧረ ተወን እባክህ፣ አይጥና ሰውን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ያጣጥላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። የአይጥ ሙከራ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚሰጠን ተስፋና ጥያቄ እንጂ ፈውስ አይደለም። ይህን ለይቶ ማወቅ ነገ ክፍል ገብተን ለምናስተምር ለእኛ ለእጩ መምህራን የግድ ነው። ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ በሽታ ወስደን እንመልከት፤ ይኸውም አንጀት ለረጅም ዘመን ከመቆጣቱ የተነሳ የሚመጣው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው።

ካንሰር ለረጅም ጊዜ በተቆጣ የሰውነት ክፍል ላይ ሊነሳ ይችላል የሚለውን ሐሳብ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው በሽታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ በሽታ የትልቁ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል፤ ለጊዜው ይሻለውና ተመልሶ ያገረሽበታል። ቁስሉን ለመጠገን ሲባል ሴሎች ያለ ዕረፍት ይባዛሉ። ሰውነትን ለመከላከል የተሰለፉት ነጭ የደም ሴሎች የሚረጩት ኬሚካልም የገዛ አካልን ዘረ መል ይጎዳል። እንዲህ እያለ ለዓመታት ሲቆይ፣ ከተጎዱት ሴሎች አንዱ ከሥርዓት ይወጣና ዕጢ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የብዙ ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ተሰብስቦ ሲታይ፣ ከእነዚህ ሕመምተኞች መካከል ካንሰር የያዛቸው በ10 ዓመት ውስጥ 2 ከመቶ፣ በ20 ዓመት 8 ከመቶ፣ በ30 ዓመት ደግሞ 18 ከመቶ ያህል ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ብዙ ጥናቶች ያሳዩት ቁጥር ከዚህ ያነሰ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ካንሰሩን የሚከላከል መድኃኒት በሰው ላይ ብቻ ይሞከር ቢባል ውጤቱን ለማየት 20 እና 30 ዓመት መጠበቅ ሊያስፈልግ ነው። ታዲያ ምን ይሻላል? አይጧ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ተመራማሪዎች ዴክስትራን ሶዲየም ሰልፌት የተባለውን ኬሚካል በመጠጥ ውሃ ውስጥ አሟሙተው በመስጠት የአይጦችን አንጀት የሚያስቆጣ ዘዴ አሳወቁ። በ2003 ደግሞ ሌሎች ጃፓናውያን አዞክሲሜቴን የሚባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል ለአይጦች አንድ ጊዜ ብቻ በመርፌ ሰጥተው፣ ከሳምንት በኋላ ያንኑ የሚያስቆጣ ውሃ ለ7 ቀን አጠጧቸው። በ20 ሳምንት ውስጥ በትልቁ አንጀታቸው ላይ ካንሰር ታየ። በሰው ላይ ብዙ ዓመት የሚፈጀው ነገር አንድ የትምህርት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ታየ ማለት ነው።

መድኃኒት ሲሞከር አይጦቹ በዕጣ በቡድን በቡድን ይከፈላሉ። አንደኛው ቡድን ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጠጣል። ሁለተኛው ሁለቱን ኬሚካሎች ይወስዳል፤ መድኃኒት ግን አያገኝም። ሦስተኛው ኬሚካሎቹንም መድኃኒቱንም ያገኛል። መድኃኒቱ ራሱ ጉዳት እንዳለው ለማየት ደግሞ መድኃኒቱን ብቻ የሚወስድ አራተኛ ቡድን ይጨመራል። ክብደታቸው ይመዘናል፤ ዓይነ ምድራቸው ደም እንዳለበት ይታያል። በመጨረሻም አንጀታቸው ወጥቶ ርዝመቱ ይለካል፤ የተቆጣ አንጀት ያጥራልና። ዕጢዎቹ ይቆጠራሉ፣ በማይክሮስኮፕም ይመረመራሉ። የሚመረምረው ሰው የትኛው አንጀት ከየትኛው ቡድን እንደመጣ ባያውቅ ይመረጣል፤ ልቡ ወደሚመኘው እንዳያዳላ።

የዚህ ሁሉ ልፋት ፍሬ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ አንድ ሙከራ፣ አይ.ኬ.ኬ. ቤታ የተባለው የመቆጣትን መልእክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ከአንጀት ሽፋን ሴሎች ውስጥ እንዲጠፋ ሲደረግ፣ የአንጀቱ መቆጣት ሳይቀንስ የዕጢዎቹ ቁጥር ግን በ80 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። ከአንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ሲጠፋ ደግሞ ዕጢዎቹ በመጠን አነሱ። እንዲህ ያለውን ነገር በሰው ላይ ማን ሊሞክር ይችላል? ማንም። ስለዚህ «አይጥና ሰውን ምን አገናኛቸው» ለሚሉት መልሱ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ «ተገላገልን» የሚሉትም ይስሙ። ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚባለው ከሐሞት አሲዶች አንዱ የሆነ መድኃኒት በቤተ ሙከራ ትልልቅ አይጦች ላይ የአንጀት ዕጢን ቀንሶ ነበር። በኋላ ግን አልሰራቲቭ ኮላይቲስና የሐሞት ቱቦ በሽታ በአንድነት ለያዟቸው ሰዎች በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደተገለጸው፣ የአንጀት ካንሰርና የቅድመ ካንሰር ለውጥ አደጋ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ይልቅ በእነሱ ላይ ብሶ ተገኘ። ሮፌኮክሲብ የተባለው የሕመም ማስታገሻም በዘራቸው የአንጀት እባጭ በሚያወጡ አይጦች ላይ እባጩን ቀንሷል። ቀድሞ እባጭ በነበራቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ግን ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን ማብዛቱ ስለታወቀ በ2004 ከገበያ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ አይደለምን?

በመሠረቱ ልዩነቱ ሊያስደንቀን አይገባም። የሙከራ አይጦች ብዙውን ጊዜ የአንድ ዘር ናቸው፤ መኖአቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ ነው። በሽታቸውም በኬሚካል የተሰጣቸው ነው። ከሁሉም በላይ መድኃኒቱ መቼ እንደተሰጠ መጠየቅ አለበት። ከኬሚካሉ በፊት ከተሰጠ የታየው መከላከል እንጂ ማዳን አይደለም። ወደ ሐኪም የሚሄደው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ከወጣ በኋላ ነው የሚሄደው።

ይህ የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ሰፈር አንዲት እናት ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ እየያዛቸው በኀፍረት ለዓመታት ደብቀው ኖሩ። «እርድ የአንጀት ካንሰር ያጠፋል፣ በጥናት ተረጋግጧል» እየተባሉም ዱቄት ሲገዙ ቆዩ። እውነት ነው፣ ከእርድ የሚወጣው ኩርኩሚን በአይጦች ላይ ዕጢን የቀነሰባቸው ሙከራዎች አሉ። ነገር ግን በልክ ተመዝኖ ለአይጥ የተሰጠው ንጥርና ከገበያ በማንኪያ የተሰፈረው ዱቄት አንድ አይደሉም። በዱቄቱ ላይ ያለቀው ገንዘብ ይመለስ ይሆናል፤ ያለ ምርመራ ያለፈው ጊዜ ግን አይመለስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ!

ስለ አይጦቹ ሥቃይ የሚቆረቆሩ ጓደኞቻችንም ሐሳባቸው መናቅ የለበትም። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሳይንቲስቶች እንስሳትን በሌላ ዘዴ እንዲተኩ፣ ቁጥራቸውን እንዲቀንሱ፣ ሥቃያቸውንም እንዲያቃልሉ አሳስበዋል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድን በቅጡ ሳይኖረው የተሠራ ሙከራ ሁለት በደል ይሠራል። አይጧን በከንቱ ይገድላል፤ ሕመምተኛውንም ያታልላል።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ቤተ ሙከራ የለንም ብለን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። ሁለት ጣሳ፣ አፈርና ጥቂት ባቄላ ይበቃል። አንዱን ብርሃን ላይ፣ ሌላውን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠን፣ አፈሩንም ውሃውንም እኩል አድርገን ልጆቹ ራሳቸው ይለኩ። ማነጻጸር ማለት ምን እንደሆነ በዚያው ይገባቸዋል። ከዚያም የመድኃኒት ወሬ በሰሙ ቁጥር ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው፤ በማን ላይ ተሞከረ? ከምን ጋር ተነጻጸረ? መቼ ተሰጠ? እነዚህን የሚጠይቅ ልጅ ቤቱ ገብቶ እናቱን ከዱቄት ሻጭ ያድናል፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወስዳል። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን። ባለመጠየቅ የሰው ሕይወትም ይቀራልና እንጠይቅ፤ መጠየቅንም እናስተምር።

ቸር እንሰንብት።