ሰባቱ ዓመታት ወዴት ገቡ?

በመኝታ ክፍላችን ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞረው የሱፐርማን ሥዕላዊ መጽሔት በዚህ ገጽ መጻፍ ለአንዳንድ ጓደኞቻችን ቀለም ማባከን መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ይምሰላቸው። የአባትና የልጅ ነገር እስካለበት ድረስ የእኛም ጉዳይ ነው።

ፒተር ቶማሲና ፓትሪክ ግሊሰን በ2016 እ.ኤ.አ. በጀመሩት ተከታታይ እትም ሱፐርማን ከሚስቱ ከሎይስና ከዐሥር ዓመት ልጁ ከጆን ጋራ በገጠር እርሻ ላይ ይኖራል። ልጁ የአባቱን ኃይል ወርሷል፤ ኃይሉን መግታት ግን ገና አልተማረም። በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ጭልፊት ድመቱን ነጥቆ ሲበር ጆን አድናለሁ ብሎ ከዓይኑ እሳት ቢለቅ፣ ድመቱም ጭልፊቱም ተቃጠሉ። ልጁ ደነገጠ፤ ለወላጆቹም ሳይናገር ደበቀው። እንግዲህ ተራራ የሚያነሣ ክንድ እዚህ ላይ ምን ይረባል? ሱፐርማንም እንደ ማንኛውም ባላገር አባት ያለው መሣሪያ ትዕግሥትና ምክር ብቻ ነው። የመጽሔቱ ውበት ይኸው ነበር።

በ2018 እ.ኤ.አ. ብዕሩን የተረከበው ብራያን ማይክል ቤንዲስ ግን ምን አደረገ? ልጁን ከአያቱ ከጆር-ኤል ጋራ ወደ ጠፈር ሰደደው። በምድር ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ለልጁ ዓመታት አለፉበትና የዐሥራ ሰባት ዓመት ጐረምሳ ሆኖ ተመለሰ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ነገር ለዚህ ጸሐፊ አልደረሰውም መሰለኝ!

«ልጁ ካላደገ እንዴት ጀግና ይሆናል?» የሚሉን አሉ። እርግጥ በ2021 እ.ኤ.አ. በቶም ቴይለር ብዕር የአባቱን ስም ይዞ ራሱን የቻለ መጽሔት ወጥቶለታል፤ እኔም ወድጄ አንብቤዋለሁ። ዳሩ ግን ድምፁ ሲጐረንን፣ አባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቃወም፣ ሲዋሽና ሲያፍር አባቱ አጠገቡ አልነበረም። የአባትነት ትልቁ ሥራ ያለበትን ዘመን ቆርጦ መጣል ማሳጠር አይባልም፤ ስርቆት ነው። «አባትየው አዝኖ የለም ወይ?» ቢሉ፣ አዎን አዝኗል። የጠፋውን ዘመን ግን ማን ይጻፍልን?

ይህን ያህል የምቆጣበትን ምክንያት አልደብቅም። በዐሥራ አንድ ዓመቴ ለትምህርት ከቤት ወጣሁ። በየክረምቱ ስመለስ አባቴ ገዝቶ የሚያቆየኝ ሸሚዝ ሁልጊዜ ይጠበኛል፤ እርሱም እጅጌውን ጎተት ጎተት አድርጎ ዝም ይላል። ቤንዲስ ይህችን አንዲት ሥዕል እንኳ አስሎ ቢሆን ኖሮ እኔም ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር።