ቴዎድሮስ ባለሙያ ያዙ፣ እኛ ወረቀት ያዝን

“ጋሼ፣ አንድ ወረቀት ብቻ!” አለችኝ የእህቴ ልጅ በስልክ። ልጅቱ ያለችው ካናዳ ነው። ለትምህርት ሄዳ፣ ተመርቃ፣ የሥራ ፈቃድ አግኝታ በሙያዋ መሥራት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። የውሃ መሐንዲስ ናት። ከመሄዷ በፊት ደቡብ ጎንደር ውስጥ በአንዲት ወረዳ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንጭ ስታጎለብት፣ ጉድጓድ ስታስቆፍር ኖራለች። አሁን ለቋሚ ነዋሪነት ልታመለክት ነውና የነዚያን ስድስት ዓመታት የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዳወጣላት ለመነችኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2008 “የካናዳ የሥራ ልምድ” የሚባል መንገድ ከፈተች። የውጭ ሰው አገሯ ገብቶ በሙያ ከሠራላት፣ ሥራውን ቆጥራ “እዚሁ ኑር” ትለዋለች። የሚቆጠረው ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ የተሠራ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ በሰዓት ሲሰላ 1,560 ነው። ተማሪ ሆነህ የሠራኸው አይገባም። ዲግሪህን ኪስህ ከትተህ ታክሲ ብትነዳም አሥር ዓመት ይሁን ሃያ አይቆጠርልህም፤ በዚህ በዚህ ፈረንጅም ጨካኝ ነው። ከዚያ ደግሞ ውድድር አለ፤ ዕድሜው፣ ቋንቋው፣ ትምህርቱ ሁሉ በነጥብ ይመዘናል። ባገር ቤት የተሠራውም እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ነጥብ ያስጨምራል። ታዲያ ማስረጃው ምን ምን እንደሠራህ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በስንት ደመወዝ ዘርዝሮ መናገር አለበት።

ለደብረ ታቦር ሰው ይህ ዓይነቱ ውል እንግዳ አይደለም። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን ሚስዮናውያንና የእጅ ሙያተኞች ያሰፈሩት እዚያ ነው። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ሞሪትዝ ሆል፣ ሌሎችም። መድፍ ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ንጉሡ ሠሩ ስላሏቸው እየተበላሸባቸው ተማሩ፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከጋፋት እስኪወጣ ድረስ። ንጉሡም ሙያቸውን ቆጠሩላቸው። ሸለሟቸው፣ አከበሯቸው፣ አገር አገቡ። ዋልድማየር ያገባው የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ነው፤ እናቷ የኛው ሰው ናት። እርግጥ መግባት እንጂ መውጣት አልነበረም፤ በመጨረሻውም በዘብ ተጠብቀዋል። ይህን አልደብቅም፣ መያዙ ግፍ ነበር። ግን እኚያ ንጉሥ የባለሙያን ዋጋ አሳምረው ያውቁ ነበር።

ሚያዝያ 1860 መቅደላ ወደቀች፣ ፈረንጆቹም ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1873 ከቤሩት በላይ ብሩማና ላይ እስከ ዛሬ ያለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። እዚያው ሊባኖስ የኛ እህቶች ሃያ ዓመት ሽማግሌ ሲያነሱና ሲያስተኙ ኖረው የመኖሪያ ፈቃዳቸው ዛሬም በአሠሪያቸው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት መግቢያ ላይ በቆንስላችን ደጃፍ አስፋልት ላይ ሲጣሉም አይተናል። ጎበዝ፣ ሽማግሌ ማስታመም ሙያ አይደለም ያለው ማነው?

የኛዎቹ ባለሥልጣናትስ? ባለሙያ ሲሄድ “የተማረ ሰው ፍልሰት” እያሉ በየስብሰባው ያለቅሳሉ። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች “ደመወዛችን ከወር ወር አላደርስ አለን” ብለው ሥራ ሲያቆሙ ግን ከተሰጣቸው መልስ አንዱ እስር ነበር። አዋጅ 1156/2011 አሠሪ ሁሉ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። ነጋዴውን በአዋጅ ያስገደደ መንግሥት የራሱን ቢሮ ቢጎበኝ ምን አለበት?

እኔ ጎብኝቼዋለሁ፣ ያውም ሦስት ጊዜ። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ! መጀመሪያ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባልኩ። ሁለተኛ ፋይሉ የለም። በሦስተኛው ፋይሉ ተገኘና ጸሐፊዋ አገላብጣ፣ “አባቴ፣ ክሊራንስ አልጨረሰችም። በስሟ የወጣ ባለ 50 ሜትር መለኪያ አለ። እሱ ካልተመለሰ ማስረጃው አይወጣም” አለችኝ። ልጅቱ አታላይ አይደለችም፣ የታዘዘችውን ነው የምትለው። ደብረ ታቦር ተመልሼ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ሜትር ገዛሁና አስረከብኩ።

ማስረጃው ተሰጠኝ። ሁለት መስመር ነው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን “በሠራተኛነት አገልግለዋል” ይላል። ስለ ምንጮቹ፣ ስለ ጉድጓዶቹ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ደመወዙ አንድ ቃል የለም። ይጨመርልኝ ብል ፎርሙ እንዲህ ነው አሉኝ። የሜትሩ ግን በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ ርዝመቱና ቀለሙ ሳይቀር ተዘርዝሮ፣ ማኅተም ተመትቶበት ተሰጥቶኛል።