አገዳው በመጭመቂያው ልክ ይቆረጣል



ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ደብዳቤ ይዘው መጡ። ልጃቸው ሸንኮራ አገዳ ሊቆርጥ ወደ ስኳር ፋብሪካ ሄዷል። ደብዳቤውን ቀስ ብለው ራሳቸው አነበቡት። «መጭመቂያው ተበላሸ። 2 ቀን አትቁረጡ ተባልን» ይላል።

እናት ተቆጡ። «መኪናው ቢሰበር የልጄ እጅ አልተሰበረ! ቆርጦ ቢያስቀምጥ ምናለበት?» አሉኝ።

የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ የገጠር ልጅ አገዳ ቆርጦ አድሯል። አሠራሩ ግን ለቤተሰቡ እንግዳ ነው። እስቲ አብረን እንየው።

አገዳ እንደ ጤፍ አይደለም። ጤፍ ታጭዶ፣ ተከምሮ ይቆያል። የተቆረጠ አገዳ ግን እያደር ስኳሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ሳይቆይ መጨመቅ አለበት።

እንግዲህ እናስላ። መጭመቂያው በቀን 100 ተሳቢ አገዳ ይጨምቃል እንበል። ቆራጮች በቀን 150 ቢቆርጡ፣ ማታ 50 ይተርፋል። በ2ኛው ቀን 100፣ በ3ኛው ቀን 150 ይተርፋል። ጉልበት ጨመረ፤ ስኳሩ ግን ቀነሰ።

ስለዚህ ሥራው የሚታቀደው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። መጀመሪያ «መጭመቂያው ነገ ምን ያህል ይችላል?» ይባላል። ከዚያ የተሳቢው፣ ከዚያ የቆራጩ ቁጥር ይወሰናል። ተከላውም አንድ ጊዜ እንዳይደርስ በየተራ ነው።

እናንተም ይህን ታውቁታላችሁ። የእሁድ ድግስ እንጀራ ቅዳሜ የሚጋገር ከሆነ፣ ሊጡ የሚቦካው ረቡዕ ነው አይደል?

እናት ሰምተው ትንሽ ዝም አሉ። «እሺ፣ ስኳሩስ ዳነ። የልጄን የ2 ቀን እንጀራ ማን ይሰጠዋል?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በቆረጠው ልክ የሚከፈለው ሰው፣ ሳይቆርጥ ከዋለ አያገኝም። መኪና መበላሸቱ አይቀርም። ለዚያ ቀን የሚሆን ሌላ ሥራ፣ ቦይ መጥረግ፣ አረም ማረም፣ አስቀድሞ ተጽፎ መያዝ አለበት። ሠራተኛውን የረሳ ዕቅድ ግማሽ ዕቅድ ነው።

እናት መልሱን በእጃቸው ጻፉ፦ «ልጄ፣ መጭመቂያው ሲቆም ምን ሥራ እንዳለ ጠይቅ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አንብብ።» የሳቱት 2 ፊደል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መጭመቂያው በቀን 100 ተሳቢ ይጨምቃል። ቆራጮች በቀን 120 ይቆርጣሉ። በ3ኛው ቀን ማታ ስንት ተሳቢ ይተርፋል? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።